ግድግዳ ላይ «ፈገግ በሉ» ከመጻፋችሁ በፊት

መጀመሪያ የጻፍኩት «ፈገግ በይ፣ ሕይወት ውብ ናት!» የሚል ነበር። ነጭ አጥር ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ባለቤቱን አስፈቅጄ። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ። በሦስተኛው ቀን በዚያ ሳልፍ ከሥሩ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል፦ «አንተ ማነህ?»

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቶ ግን ልክ እንደሆነች ገባኝ። (የጻፈው ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም፤ «ፈገግ በይ» የተባለችው እሷ ናትና እሷ ልበላት።) እውነትም ማነኝ? ከየት እንደመጣች አላውቅም፣ ቀኗ እንዴት እንደዋለ አላውቅም፣ ብቻ ፊቷን ምን ማድረግ እንዳለባት ከአጥር ላይ ሆኜ አዘዝኳት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽፌያለሁ፣ ብዙም አጥፍቻለሁ። የተማርኩት ሲጨመቅ ይህ ነው፦ አላፊ አግዳሚውን ሰላም በሉት እንጂ አትዘዙት። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ብዙ ነው።

ቦታው ይቅደም

አብዛኛው ሰው ስልኩ ላይ ደስ ያለውን ጥቅስ ያገኝና ግድግዳ ፍለጋ ይወጣል። ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ቦታው ሂዱና ግማሽ ሰዓት ያህል ቁሙ። ማን ያልፋል? እየሮጠ ነው ወይስ እየጠበቀ? ምን ተሸክሟል? ጠዋት የሚያልፈው የረፈደበት ነው፣ ማታ የሚያልፈው የደከመው ነው፣ ስለዚህ ለሁለቱ አንድ ዓይነት ቃል አይሆንም።

ረጅም ደረጃ እንበል። መሃሉ ላይ «ግማሹ አለቀ» ብትሉ መረጃም ነው፣ ማበረታቻም ነው። ጫፉ ላይ «እፎይ!» ብቻ ይበቃል። አናት የሚመታ ዝቅ ያለ በር ካለ ደግሞ ከበሩ ወዲያ «እኔን!» ብላችሁ ጻፉ። የተመታው ሰው ግንባሩን እያሻሸ ያነበዋል። ከበሩ ወዲህ «ዝቅ በሉ» የሚለውን መጻፍ አትርሱ እንጂ፣ አለዚያ ቀልዱ ጭካኔ ይሆናል።

አግዳሚ ወንበር ላይ «አረፍ በሉ» ማለት ትእዛዝ አይደለም ወይ የሚለኝ ይኖራል። በሰዋስው ነው። ግን ግብዣ ነው። ሰውን ቁጭ በል፣ ውሃ ጠጣ፣ ቀስ ብለህ ውረድ ማለት ይቻላል፤ ቢፈልግ ያደርገዋል። «አትዘን»፣ «አትጨነቅ»፣ «ደስተኛ ሁን» ግን ሌላ ነው። ማንም ሰው ግድግዳ ስላዘዘው ማዘኑን አይተውም።

ከሁሉ የሚከፋው ከባድ ቦታ ላይ ቀላል ቃል መለጠፍ ነው። አንድ የሕክምና ተቋም መተላለፊያ ላይ «ሁሉም ነገር በምክንያት ይሆናል» የሚል በሚያምር ጽሕፈት ተጽፎ አይቻለሁ። ከሥሩ የተቀመጡት ሰዎች ውጤት የሚጠብቁ ናቸው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ስለ ሕይወት ፍልስፍና ያለው ሰው ለራሱ ቢይዘው ይሻላል። «አይዟችሁ» ይበቃል። እንዲያውም ከዚያም የሚሻል አለ፦ ቀስት ሠርታችሁ «የመጠጥ ውሃ በዚህ በኩል ነው» በሉ። አንዳንዴ ከሁሉ የሚያጽናናው ቃል መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ የሚናገረው ነው።

ደቡብ ኮሪያ ሴኡል ውስጥ ማፖ የሚባል ድልድይ አለ። በ2012 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የድልድዩ መከላከያ ላይ ሰው ሲያልፍ የሚበሩ አጫጭር መልእክቶች ተገጠሙ። ምግብ በልተሃል ወይ፣ እንዴት ሰነበትክ የሚሉ ዓይነት። ዓላማው ሕይወት ማዳን ነበር። ሐሳቡ ሲጀመር ብዙ ተመሰገነ፣ በኋላ ግን አንዳንዶቹ ቃላት የተጨነቀን ሰው ሕመም ያቃልላሉ ተብለው ተተቹ፣ በ2019ም ተነሱ። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ በራሳችሁ ተነሥታችሁ አትጻፉ። የሚያውቁትን ባለሙያዎች ጠይቁ። እዚያ የሚያስፈልገው የሚያነሣው ሰው ያለበት የስልክ ቁጥር ነው።

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ

የአማርኛ ዋና ራስ ምታት ይህ ነው። ከሌላ ቋንቋ የተገለበጠ ጥቅስ መጀመሪያ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የእኛ ግሥ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ ታላቅ ይሁን ታናሽ ሳይለይ መናገር አይችልም። «ትችላለህ» ብላችሁ ስትጽፉ ካለፈው ሰው ግማሹ አልተጠራም። «ትችላለህ/ትችያለሽ» ብላችሁ በእዝባር ስትከፍሉት ደግሞ ቅጽ የሚያስሞላ ቢሮ ይመስላል። «ይችላሉ» አክብሮት አለው። ግን የባንክ ማስታወቂያ ይሸታል፣ በዚያ ላይ «እነሱ ይችላሉ» ተብሎም ይነበባል። እነማን?

«እናንተ» ለሰላምታ ጥሩ ነው። «ደህና ዋሉ»፣ «ሰላም ግቡ» ማንንም አያስቀይምም። ሌሊት ብቻውን ለሚሄድ ሰው ግን «ትችላላችሁ!» ሲባል መድረክ ላይ የቆመ ሰው የጮኸበት ያህል ነው።

እኔ የምወደው «እኛ»ን ነው። «እንደርሳለን» ስትሉ እናንተም መንገዱ ላይ ናችሁ፣ ከላይ ቆማችሁ አትመክሩም። አማርኛ ደግሞ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፦ «አይዞን»። «አይዞህ» ወንድ ይመርጣል፣ «አይዞሽ» ሴት ይመርጣል፣ «አይዞን» ግን ጸሐፊውንም አንባቢውንም አንድ ላይ ያቅፋል። አራት ፊደል ነው። ከዚህ የተሻለ የግድግዳ ቃል እስካሁን አላገኘሁም።

«እኛ»ም ቢሆን ወጥመድ አለው። በ1939 የእንግሊዝ መንግሥት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ሕዝቡን ለማበርታት ፖስተር አሳተመ። ወደ አማርኛ ሲመለስ «የእናንተ ድፍረት፣ የእናንተ ደስተኛነት፣ የእናንተ ቁርጠኝነት ለእኛ ድል ያመጣልናል» እንደማለት ነው። ሰው አንብቦ ምን አለ? መሥዋዕቱ የእኛ፣ ድሉ የእነሱ። ፖስተሩ ክፉኛ ተተቸ። ከዚያው ዙር የታተመው «ተረጋጉ፣ ሥራችሁንም ቀጥሉ» የሚለው ፖስተር፣ ዛሬ በየኩባያው ላይ የምናየው ማለት ነው፣ ወደ 2.5 ሚሊዮን ቅጂ ታትሞ በመጋዘን ቀረ፣ አብዛኛውም ተፈጭቶ ዳግም ወረቀት ሆነ። ታዋቂ የሆነው በ2000 አንድ ቅጂ አሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ውስጥ ከተገኘ በኋላ ነው። ቃሉ ያው ነው። አዛዡ ከጀርባው ስለሌለ ግን ለጆሮ ጣመ።

ያልፋል ወይስ ይለፍ

«ያልፋል» የሚለውን በብዙ ቦታ እናየዋለን። ቆንጆ ቃል ነው፣ ግን ትንበያ ነው። እንደሚያልፍ በምን አወቃችሁ? አንባቢው ማስረጃ ቢጠይቅ የላችሁም። ትንሽ ቀይሩና «ይለፍላችሁ» በሉ። አሁን ምኞት ሆነ። ምኞትን ማንም ሐሰት ሊለው አይችልም፣ ከተቀባዩም ምንም አይጠይቅም። መፈገግ የለበትም፣ ማመን የለበትም፣ መልስ መስጠት የለበትም። ሰምቶት ያልፋል፣ በቃ።

«ይ» የሚለው የምርቃት አነጋገር ስለዚህ ነው ለአደባባይ የሚስማማው። መንገዱ ቀና ይሁን። ይቅናችሁ። ቀኑ ይክበድም ይቅለልም፣ በሰላም ይለቅ። እነዚህን ለመፍጠር ገጣሚ መሆን አያስፈልግም፣ ትልልቅ ሰዎች ሲሰነባበቱ የሚሉትን ጆሮ ሰጥቶ መስማት ነው። ምርቃት ብዙ ጊዜ በአምላክ ስም ይጀምራል። የጋራ ግድግዳ ላይ ግን የማን እምነት ተጠራ የሚል ጥያቄ እንዳይነሣ እኔ ግሡን ብቻ አስቀራለሁ። «ይቅናችሁ» ሲባል ማን እንደሚያቀና አንባቢው ራሱ ያውቃል።

በነገራችን ላይ ጥሩ ጸባይ ለማስተማር ስትጽፉ መጥፎውን አታስተዋውቁ። አሪዞና ውስጥ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ጥንታዊ ግንድ ያለበት ብሔራዊ ፓርክ አለ፣ ጎብኚዎችም ስባሪውን ይሰርቃሉ። ተመራማሪዎች የተለያዩ ምልክቶችን አቁመው አነጻጸሩ። «ካሁን በፊት የመጡ ብዙዎች ወስደዋል» የሚለው ምልክት ባለበት ስርቆቱ «እባካችሁ አትውሰዱ» ከሚለው ይልቅ በዛ። ሰው «ብዙዎች» የምትለዋን ብቻ ነው የሰማው። ስለዚህ «ሁሉም ሰው እዚህ ቆሻሻ ይጥላል፣ እኛ ግን እንለወጥ» ብላችሁ አትጻፉ። «እዚህ የሚቀመጡ ጠርገው ነው የሚነሡት» በሉ። እውነት ከሆነ ብቻ ታዲያ።

እኩሌታው ሲነበብ

አማርኛ ዋናውን ነገር ወደ መጨረሻ ያስቀምጣል። ግሡ መጨረሻ፣ አሉታው መጨረሻ። መጽሐፍ ላይ ችግር የለውም፣ ግድግዳ ላይ ግን መኪና ይቆማል፣ ዛፍ ይጋርዳል፣ ሰው ዞር ይላል። «ብቻችሁን አይደላችሁም» የሚለውን በሁለት መስመር ብትከፍሉትና ታችኛው ቢጋረድ የቀረው «ብቻችሁን» ነው። «ተስፋ አትቁረጡ» ግማሹ ቢላጥ ያው «ቁረጡ» ነው የሚተርፈው። በአሉታ የሚያልቅ ነገር አትጻፉ። «አብረን ነን» በሉ። የትኛውም ግማሹ ቢነበብ አይጎዳም።

መጥበቅና መላላትም አለ። ፊደላችን አያሳየውም። «ሰው ይረዳል» ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ሰው ሰውን ያግዛል ማለቴ ነው። አንድ ጓደኛዬ ጮክ ብሎ አነበበው፦ ሰው ይረዳል፣ ማለትም ይገባዋል። እሺ፣ ይህም አይከፋም። ሦስተኛው ትርጉም ግን መርዶ መስማት ነው! ብሩሹን አስቀመጥኩ። ከመጻፋችሁ በፊት ለሦስት ሰው አሳዩና ጮክ ብለው ያንብቡት፣ እናንተ አታንብቡላቸው።

ፊደል ስታስተካክሉም «ሰላም»ን በእሳቱ ሰ ይሁን በንጉሡ ሠ የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። ሰዉ የለመደውን ያዙ፣ በአንድ ግድግዳ ላይ ግን ሁለት ዓይነት አታድርጉ።

ልክና ቁመት

እግረኛ በሰከንድ 1.4 ሜትር አካባቢ ይራመዳል። ሦስት ሰከንድ ቢያይላችሁ አራት ሜትር አልፏል። ስለዚህ ከአምስት ቃል በላይ ከሆነ ይቆረጥ። የእኛ ቋንቋ እዚህ ላይ ያደላናል፣ «ደርሰናል» አንድ ቃል ሆኖ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ሲድኒ ውስጥ አርተር ስቴስ የሚባል ሰው ነበር፣ ማንበብና መጻፍ እምብዛም የማያውቅ። ከ1932 ገደማ ጀምሮ በ1967 እስኪሞት ድረስ «ዘላለም» የሚል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል በጠመኔ በእግረኛ መንገዶች ላይ ሲጽፍ ኖረ። ግማሽ ሚሊዮን ጊዜ ያህል እንደጻፈው ይገመታል። ከሞተ ከዓመታት በኋላ፣ የ2000 አዲስ ዓመት ሲገባ፣ ያቺው ቃል በእጅ ጽሑፉ አምሳል በከተማዋ ትልቅ ድልድይ ላይ በመብራት ታየች። አንዲት ቃል ነች።

የፊደሉ ቁመትስ? ምልክት ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ልማድ አለ፦ በምቾት እንዲነበብ ለየሦስት ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት። ይህ ግን ለላቲን ፊደል ነው። የእኛ ለ፣ ሉ፣ ሊ የሚለያዩት በትንሽ ጭራ ነው፣ ጭራው ከሩቅ ይጠፋል። እኔ ግማሽ ያህል እጨምራለሁ። ከአሥር ሜትር እንዲነበብ ከፈለጋችሁ 12 ሴንቲ ሜትር አካባቢ አድርጉት። ወፍራም አድርጉት፣ ጌጥ አታብዙ። ቀለሙም ጥቁር በነጭ ወይም ነጭ በጥቁር ይሁን። በ1996 ሜክሲኮ ሞንቴሬይ ውስጥ ገጣሚው አርማንዶ አላኒስ ፑሊዶ የጀመረው የግድግዳ ግጥም እንቅስቃሴ በብዙ የላቲን አሜሪካ ከተሞች የተዛመተው በዚሁ መልክ ነው፦ ነጭ ግድግዳ፣ ጥቁር ፊደል፣ ጥቂት ቃል። ሰው ከሩቅ ሲያየው የማን እንደሆነ ያውቀዋል።

ከፍታው ከመሬት 1.5 ሜትር አካባቢ ቢሆን ለቆመ ሰው ዓይን ይመቻል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎችና ልጆች ካሉ ዝቅ አድርጉት።

ካርቶን ቀድዳችሁ በቀዳዳው ቀለም የምትረጩ ከሆነ አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ወ፣ ዐ፣ መ፣ ቀ፣ ው ክብ ሆድ አላቸው። ዙሪያውን ስትቆርጡት ሆዱ ወድቆ ይቀራል፣ የምትረጩትም ድፍን ጥቁር ክብ ነው። ከሆዱ ወደ ውጭ ቀጭን ማያያዣ አስቀሩለት። ወይም የምትጽፉትን ቃል ቀድማችሁ እዩ፦ «አይዞን» ላይ ሆድ የሚወድቅበት ፊደል አንድም የለም። ለዚህ ነው የምወደው፣ ትንሽ ስንፍናም አለበት።

ፈቃድ፣ ቀለም፣ ዝናብ

ግድግዳው ባለቤት አለው። ጠይቁት፣ ከተቻለም በጽሑፍ ይስጣችሁ፣ ምን እንደምትጽፉ አሳዩት። የመንግሥት ከሆነ የሚያስተዳድረውን ክፍል ጠይቁ። ጠመኔ ስለሆነ ችግር የለም አትበሉ፣ በጠመኔም የሚቀጣ ከተማ አለ። ጥንታዊ ድንጋይ ላይ በፍጹም አትጻፉ፣ ቀለም ወደ ድንጋዩ ይሰርጋል፣ ማውጣቱ ከመጻፉ ይብሳል። የትራፊክ ምልክት ላይና ሾፌር ዓይኑን የሚያነሣበት መታጠፊያ ላይም አይሆንም።

ለጀማሪ ጠመኔ ይሻላል። የተሳሳተውን ዝናብ ያርመዋል። ወረቀት በዱቄት ሙጫ መለጠፍም ይቻላል፣ ግን የሚላጠውን የምታነሡት እናንተ ናችሁ። ለውጭ ግድግዳ በውሃ የሚበጠበጥ የውጭ ቀለም ጥሩ ነው፣ ግድግዳው ታጥቦ እስኪደርቅ ጠብቁ። በጣም የምቀናበት ደግሞ አለ። በ2016 ቦስተን ውስጥ የእግረኛ መንገድ ላይ ውሃ በማያስገባ ፈሳሽ ግጥሞች ተረጩ። ደረቅ ሲሆን አይታዩም። ሲዘንብ ዙሪያው ረጥቦ ይጠቁራል፣ የተረጨበት ግን ደረቅ ሆኖ ይቀራል፣ ግጥሙም ብቅ ይላል። ያኔ ደግሞ ሰው አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት እያየ ነው የሚሄደው።

መልስ ሲመጣ

አደባባይ ላይ የተጻፈ ነገር መልስ አለው። አንዳንዱ ስድብ ነው፣ አጥፉት። አንዳንዱ ግን እውነት ነው። ቦታ አስቀድማችሁ ብትተዉለት ደግሞ ነገሩ ይቀየራል። በ2011 አርቲስቷ ካንዲ ቻንግ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የተተወ ቤት ግድግዳ ጥቁር ሰሌዳ አደረገችውና «ከመሞቴ በፊት… እፈልጋለሁ» የሚል ባዶ ቦታ ያለው መስመር ደጋግማ ጻፈችበት፣ ጠመኔም አኖረችለት። በማግስቱ ሞልቶ አገኘችው። ኋላ ሐሳቡ ከ70 በሚበልጡ አገሮች ተቀዳ። እዚያ ላይ የእሷ የራሷ ምክር አንድም የለም። ጠየቀች፣ ዝም አለች።

እናንተም ባዶ ቦታ ከተዋችሁ ጥያቄው ቀላል ይሁን። «ዛሬ ማንን አመሰገናችሁ?» ይሞላል። «የሕይወት ትርጉም ምንድን ነው?» አይሞላም፣ ሰው ሥራ አለበት። በሁለት በሦስት ቀኑ እየሄዳችሁ የሰው ስም የጠራውን፣ ስልክ ቁጥር የተጻፈበትን፣ ማንንም የሚያዋርደውን አንሡ። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ባዶ ቦታውን አትተዉ።

የኔን አጥር በተመለከተ፣ «ፈገግ በይ» ያልኩትን በነጭ ቀባሁት። የእሷን ሁለት ቃል ዘለልኩት። የአጥሩ ባለቤት ለምን እንደተውኩት ጠይቆኝ ነበር፣ እሷ ከኔ የተሻለ ጽፋለች አልኩት።

የመጨረሻ ነገር፦ ስትጨርሱ የግድግዳውን የቀድሞ ቀለም ትንሽ በጣሳ አስቀሩና ክዳኑ ላይ ቦታውን ጻፉበት። በየስድስት ወሩ ሄዳችሁ እዩት። ደብዝዞ ከሆነ ወይ አድሱት ወይ በዚያች ጣሳ ሸፍኑት። የተላላጠ «አይዞን» ከምንም አይሻልም።